ሥጋና ሕሊና በመስቃን ትምህርት ቤቶች

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው ቡታጅራ፣ በገበያዋና በበርበሬዋ ከምትታወቀው ባላነሰ፣ በውጭው ዓለም ሊቃውንት ዘንድ ደግሞ በበለጠ፣ የምትታወቅበት አንድ ነገር አላት፤ ይኸውም ስለ ሕዝብ ጤና የተጻፉ እጅግ ብዙ የምርምር ጽሑፎች ስሟን በርእሳቸው ላይ ይዘው መገኘታቸው ነው። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ፣ በከተማዋ ዙሪያ ባለው በመስቃንና በማረቆ ምድር ዘጠኙን ከገጠር አንዱን ከከተማ አድርጎ ዐሥር ቀበሌዎችን ከመረጠ በኋላ፣ በየቤቱ የሚወለደውንና የሚሞተውን፣ የሚመጣውንና የሚሄደውን በመዝገብ ማስፈር ጀመረ። በመጀመሪያ የተፈለገው ሕፃናት በምን ምክንያት እንደሚሞቱ፣ እናቶችም በምን ሁኔታ እንደሚወልዱ ማወቅ ነበር፤ ኋላ ግን ነገሩ ከሥጋ አልፎ ወደ መንፈስ ተሻገረና፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ጭንቀትን፣ ትካዜን፣ ሱስንና ከባድ የአእምሮ ሕመምን ቤት ለቤት እየጠየቁ መርምረው፣ ከ68,000 በላይ ሰዎች የተጠየቁበትን ታላቅ ጥናት እስከ ማካሄድ ደረሱ።

እንግዲህ ከዚህ መዝገብ ጋር አብሮ ያደገ ትውልድ አለ። መዝገቡ በተከፈተበት ዘመን የተወለዱት ሕፃናት ዛሬ የተማሪ አባትና እናት ሆነዋል፤ ልጆቻቸውም ወልቂጤ በጉራጌ ዞን መቀመጫነት፣ ቡታጅራ ደግሞ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማነት በሚተዳደሩበት በአሁኑ ጊዜ፣ በየማለዳው ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወደየትምህርት ቤታቸው ይጎርፋሉ። የእነዚህ ልጆች ሰውነት ምን ያህል ብርቱ ነው? የሚበሉት፣ የሚተኙት፣ የሚጫወቱት፣ የሚቅሙትስ በመንፈሳቸው ላይ ምን ያደርጋል? ሥጋው የበረታ ተማሪ ሕሊናውም እንደሚጸና የሚያረጋግጥልን ነገር አለን? የዚህ ዳሰሳ ነገር ይህ ነው፤ ጥያቄው በሌላው ዓለም ብዙ የተጻፈበት ቢሆንም፣ ወደ መስቃን ሲመጣ ግን መልኩን የሚለውጥ ስለ ሆነ፣ እንደ ተጻፈ ተቀብለን የምንደግመው አይደለም።

በቅድሚያ የልጆችን የአእምሮ ሁኔታ በቁጥር ለማወቅ የተደረገውን ጥረት እንመልከት። በዚሁ በቡታጅራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ግድም፣ ከ5 እስከ 14 ዓመት የሚሆናቸው ወደ 1,500 የሚጠጉ ልጆች ወላጆቻቸው በሥርዐት ተጠይቀው፣ ከመቶ 3.5 ያህሉ ስም ሊሰጠው የሚችል የአእምሮ ወይም የጠባይ ችግር እንዳለባቸው ተገኘ። በዚያው ዘመን በአምቦ ወረዳ የተደረገ ሌላ ጥናት ግን ከመቶ 17 በላይ የሆነ ቁጥር ይዞ ወጣ። ይህን ያህል ልዩነት በቡታጅራ ልጅና በአምቦ ልጅ መካከል አለ ብሎ የሚያምን ሰው አይኖርም፤ ልዩነቱ የመጠይቁ ነው፤ አንደኛው ሐኪም በሽታን ለይቶ ስም እንደሚሰጠው ባለ ጥብቅ ሚዛን የሚመዝን ሲሆን፣ ሌላው ጥርጣሬ ያለበትን ሁሉ ሰብስቦ የሚያቀርብ ሰፊ ወንፊት ነበረ። ከዚህም በላይ በሁለቱም ዘንድ ምስክሩ ወላጅ ነው። ወላጅ ደግሞ የሚደባደበውን፣ የሚሰብረውን፣ አልታዘዝ የሚለውን ልጅ ፈጥኖ ያያል እንጂ፣ ጥግ ይዞ ዝም የሚለውን፣ «ጨዋ ነው» እየተባለ የሚመሰገነውን ልጅ ትካዜ ብዙ ጊዜ አያይም። ደረጄ ከበደና አንድ ባልደረባቸው በአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወጣቶችን ራሳቸውን ጠይቀው በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከመቶ 14 የሚያህሉት በሕይወታቸው ላይ እጃቸውን ለማንሣት ሞክረው እንደ ነበር መናገራቸው፣ ልጁ ራሱ በተጠየቀ ጊዜ የሚሰማው ነገር ከወላጅ ቃል ምን ያህል እንደሚርቅ ያስገነዝባል። ይህን የምለው ወላጅን ለመውቀስ አይደለም፤ ማንም ሰው ያላየውን ሊመሰክር አይችልምና።

አሁን ወደ ሥጋው እንምጣ። የሰውነት ብርታት ስንል የልብና የሳንባን ጽናት፣ የጡንቻን ኃይል፣ የአካልን ቅልጥፍና ማለታችን ነው፤ ይህም በስሜትና በአስተያየት ሳይሆን በሩጫ፣ በዝላይ፣ በመተጣጠፍ ሊለካ የሚችል ነገር ነው። በታይዋን በየትምህርት ቤቱ ተማሪውን ሁሉ 800 ሜትር ማስሮጥና በቁም ማዘለል የተለመደ ስለ ሆነ፣ የዚያ አገር ሊቃውንት የ1.9 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት ከሕክምና መዝገባቸው ጋር አስተያይተው በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ በሩጫ፣ በጡንቻ ኃይልና በጽናት የተሻሉት ልጆች በኋለኞቹ ዓመታት ለጭንቀትና ለድባቴ፣ እንዲሁም ዕረፍት ለሚነሣው የትኩረት ማጣት ችግር የመጋለጣቸው ዕድል ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ምክንያቱን ለማስረዳት ብዙ ይባላል፤ የሚሮጥ ሰው ደም ወደ አንጎሉ በብዛት ይደርሳል፣ የአንጎል ሕዋሳትን የሚያለመልሙ ንጥረ ነገሮች ይጨምራሉ፣ ሌሊት እንቅልፉ ይጠናል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይቀላቀላል፣ «ችያለሁ» የሚል መተማመን በልቡ ያድራል። ይሁን እንጂ በዚህ ስፍራ ጥንቃቄ ያሻል፤ ያዘነ ልጅ አይሮጥምና፣ አለመሮጡ የኀዘኑ ምክንያት ይሁን ውጤት በአንድ ጊዜ ልኬት አይታወቅም፤ የጠገበ፣ በሰላም ቤት ያደገ፣ ሜዳ ባለው ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ደግሞ ሩጫውንም ደስታውንም ከአንድ ምንጭ ያገኘው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የታይዋኑን ዜና በደስታ ብቀበለውም፣ ለመስቃን የተላከ የሐኪም ትእዛዝ አድርጌ አልወስደውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዓለም ላይ ካሉት ከ11 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ወጣቶች ከመቶ 81 የሚሆኑት ይህን እንደማያሟሉ ተቆጥሯል። ይህን የሚያነብ የአገሬ ሰው፣ ነገሩ በመኪና ተወስደው በመኪና ለሚመለሱ የባለጠጋ አገር ልጆች የተጻፈ ነው ብሎ ገጹን ቢገልጥ አይፈረድበትም። የመስቃን ገጠር ልጅ ከጎሕ ጋር ተነሥታ ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከምንጭ ትመለሳለች፤ እንሰቱ ሲፋቅ ከእናትዋ ጋር ትውላለች፤ ወንድምዋም ከብት ነድቶ፣ በበርበሬ ለቀማ ወቅት ከማሳ ውሎ፣ ከዚያ በኋላ ነው ደብተሩን የሚያነሣው። 60 ደቂቃ ቢባል ሦስት እጥፉን ያሟላሉ። እንዲህ ከሆነ መንፈሳቸው በዚያው ልክ ሊጸና ይገባው ነበር።

የዚህ ነገር ቍልፍ፣ የ60 ደቂቃው ሚዛን የልብን ትርታ እንጂ ፈቃድን የማይቈጥር መሆኑ ይመስለኛል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት የደመረ ምርመራ፣ ሰው በመዝናኛ ጊዜው ወዶ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ከመልካም የአእምሮ ጤና ጋር ሲሄድ፣ በእግር ወደሚፈለግበት ስፍራ መሄድም እንዲሁ ሲጠቅም፣ ለሥራ ተብሎ የሚደረገው ድካም ግን ይህን ጥቅም እንደማይሰጥ፣ እንዲያውም ከመንፈስ ጉስቁልና ጋር እንደሚገናኝ አሳይቷል። ጡንቻው አንድ፣ ላቡም አንድ ነው፤ ነገር ግን ጀሪካኑን ያዘለችው ልጅ ትንፋሽዋ የሚፈጥነው ውኃው እንዳይፈስስና የመጀመሪያው ደወል እንዳያመልጣት እየፈራች ሲሆን፣ ሰኞ ማክሰኞ የምትዘለው ልጅ ትንፋሽዋ የሚፈጥነው በራስዋ ሕግ፣ በራስዋ ውድድር፣ በራስዋ ሳቅ ውስጥ ነው። እኔ የልጆች ሥራ ሁሉ ክፉ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ቤተሰብን መርዳት ለልጅ ክብርም ኩራትም ይሰጣል፤ ነገር ግን ሥራ ጨዋታን ፈጽሞ በተካ ጊዜ፣ ሰውነቱ ብርቱ ሆኖ ሳለ መንፈሱ የሚደክም ልጅ እናፈራለን፤ ይህንንም ዓይነት ልጅ የውጭው ሚዛን «እንቅስቃሴው በቂ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ስለ ሯጮቻችን የሚነገረው ታሪክ ከዚህ ጋር ተያይዞ ሊታይ ይገባዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አካባቢ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደ ነበር ያልሰማ የለም፤ የኢትዮጵያን የረጅም ርቀት አትሌቶች ያጠኑ ሊቃውንትም፣ ታላላቆቹ ሯጮች ከሌላው ሰው ይልቅ በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ የሄዱ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ይህ እውነት ሳለ፣ በዚያው መንገድ ሮጠው ወርቅ ያላገኙትን፣ መንገዱ ረዝሞባቸው በአምስተኛ ክፍል ያቋረጡትን አእላፍ ልጆች ማንም አስተያይቶ አልተረከላቸውም። የትምህርት ቤት መንገድ ከጓደኛ ጋር ሲሆን፣ ወሬና እሽቅድምድም ሲኖርበት፣ ግማሹ ጨዋታ ነው፤ ሆድ ባዶ ሲሆንና ለአንዲት ልጃገረድ አስፈሪ ስፍራ ሲያሳልፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

የገጠሩ ልጅ ነገር እንዲህ ከሆነ፣ የከተማው ልጅ ደግሞ በሌላ መንገድ ወደዚያው ይደርሳል። ቡታጅራና ወልቂጤ እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ ባጃጅ በዝቶባቸዋል፤ የሰፈር ሜዳ ቤት ተሠርቶበታል፤ ተማሪ በበዛበት ትምህርት ቤት በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ ስለሚማሩ፣ አንዱ ፈረቃ ሳይወጣ ሌላው በር ላይ ይቆማል፤ በግቢው ውስጥም አዲስ ብሎክ በተሠራ ቁጥር የሚታረሰው የእግር ኳሱ ሜዳ ነው። በአንድ የከተማ ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲካሄድ ቆሜ ተመልክቻለሁ። መምህሩ ትጉህ ሰው ነበር። ከ60 የማያንሱትን ተማሪዎች፣ ከፊሉ ቱታ ከፊሉ የደንብ ልብስ እንደ ለበሰ፣ በፊሽካ አሰልፎ፣ ስም ጠርቶ፣ ክንድ ወደ ላይ፣ ክንድ ወደ ጎን፣ ወገብ ወደ ታች አሠርቶ እስኪጨርስ ከ40 ደቂቃው ግማሹ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ያለችውን አንዲት ኳስ ወረወረላቸው። ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ልጆች ኳሷን ተከትለው በአቧራ ውስጥ ጠፉ፤ የቀሩት ወንዶችና ከሴቶቹ የሚበዙት በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጡ። አራት ልጃገረዶች ግን ከኪሳቸው የተቀጣጠለ ላስቲክ አውጥተው ሱዚ ዘረጉ፤ አንዷ የኮንጎ ጫማዋን አውልቃ ላስቲኩን በቁርጭምጭሚት፣ ቀጥላ በጉልበት፣ በመጨረሻም በወገብ ከፍታ እየዘለለች፣ በተሳሳተች ቁጥር ጮክ ብለው እየሳቁባት፣ እርስዋም እየሳቀች፣ ደወሉ እስኪደወል ድረስ አላረፈችም። በዚያ ክፍለ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ልቡ የመታ፣ ፊቱም የበራ ሰው እርስዋ ነበረች፤ የምትሠራው ግን በመምህሩ የትምህርት ዕቅድ ውስጥ የተጻፈ አልነበረም።

በጥላው ሥር ስለ ቀሩት ሴቶች ልጆች ብዙ ማለት ይቻላል፤ ባጭሩ ግን፣ ዕድሜያቸው ወደ ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ሲጠጋ ሰው ፊት መሮጥ ያሳፍራቸዋል፣ በወር አበባ ጊዜ ሞዴስ የሚገዛላቸውም በመጸዳጃ ቤቱ ውኃ የሚያቀርብላቸውም የለም፣ ረጅም ልብስ ለብሳ ለምትሮጥ ሙስሊም ልጅ የተዘጋጀ ቱታ የለም፣ ኳሷም የወንዶች ናት። በዓለም ቁጥር ውስጥ እንኳ እንቅስቃሴ የማይበቃቸው ወንዶች ከመቶ 78 ሲሆኑ ሴቶቹ 85 ናቸው። እነዚህ ምክንያቶች ስንፍና አይደሉም፤ እያንዳንዳቸውም በጥቂት ገንዘብና በጥቂት አሳቢነት ሊወገዱ ይችላሉ።

ስለ ምግብ ረጅም ነገር አልጽፍም፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶ 38 ያህሉ ቁመታቸው የቀነጨረ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ በትምህርት ቤት ገበታ ላይ ናቸው። የጉራጌ ሕዝብ በእንሰቱ ምክንያት ከብዙ ረሀብ ተርፏል፤ ቆጮ ግን ኃይል የሚሰጥ ሆኖ ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለ ሆነ፣ ጎመኑ፣ አይቡና ወተቱ ሲጎድሉ የልጁን አጥንትና ጡንቻ ብቻውን አይገነባም። ቁርስ ሳይበላ የመጣን ልጅ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አሯሩጦ፣ በሦስተኛው ሒሳብ ስላልገባው መገሠጽ ከፍትሕ የራቀ ነው።

ወደ ልማድ ስንመጣ ግን ጫትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፍ አይቻልም። ጫት በዚህ ምድር የእርሻውም፣ የገበያውም፣ የዱዓውም፣ የልቅሶ ቤቱም ባልደረባ ነው። አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ከ10,000 በላይ ጐልማሶችን ጠይቀው በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ግማሾቹ በዚያን ጊዜ ይቅሙ እንደ ነበር፣ ከሚቅሙትም ውስጥ ከመቶ 17 የሚሆኑት በየዕለቱ ይቅሙ እንደ ነበር ተገልጿል። ይህ የጐልማሳው ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ልጅ በርጫን የሚያየው በአባቱ ሳሎን ነው፤ ገረባውን የሚጠርገው እርሱ ነው፤ ፈተና በደረሰ ጊዜም «ሌሊቱን ነቅተህ ታጠናለህ» ብሎ የመጀመሪያውን ቀንበጥ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከእርሱ በአንድ ክፍል የሚበልጥ ጓደኛው ነው። በእርጥብ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ሥራው ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ስለ ሆነ፣ ልብን ያፈጥናል፣ እንቅልፍን ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ተማሪው በምርቃናው ሰዓት ዓለምን ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ምርቃናው ሲወርድ ግን ድብርቱ ይመጣል፤ እራት አልበላም፣ እንቅልፍ አልተኛም፣ ጠዋት ቁርስ አላሰኘውም፤ ያነበበውም በፈተናው ጠረጴዛ ላይ አልተገኘም። በማግስቱ ሀራራው ይጎትተዋል። ድብርቱንና ንቃቱን በጨብሲ ለመስበር አረቄና ቢራ የሚጨምሩበትም አሉ፤ ምንም እንኳ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ቢከለክልም ቅሉ፣ የመንደር መሸጫው ዕድሜ አይጠይቅም። የሰውነት ብርታት፣ የኑሮ ልማድና የአእምሮ ጤና ሦስቱም በአንድ ልጅ ላይ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ማየት የሚወድ ሰው፣ ይህን ተማሪ ብቻ ቢመለከት ይበቃዋል።

ስለዚሁ ነገር አንድ እውነት መሸሸግ አይገባኝም። የልጁ ደብተር፣ የደንብ ልብሱ፣ የመመዝገቢያ ገንዘቡ በብዙ ቤት የሚገዛው በዚያው በጫቱ ዋጋ ነው። መምህሩ በክፍል ውስጥ «ጫት ያጠፋችኋል» ሲል፣ ልጁ አባቱ እየተሰደበበት እንደሆነ ቢያስብ አይገርምም። ስለዚህ ነገሩ በስድብና በማስፈራራት የሚሆን አይደለም፤ ሽማግሌዎችና ሼኾች፣ ካህናትም፣ ራሳቸው «ለልጅ አይሆንም» የሚለውን ወሰን በግልጽ ቢያኖሩት፣ ከማንኛውም ግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ ጽሑፍ የበለጠ ይሰማል፤ በዚህ አገር የሽማግሌ ቃል አሁንም ክብደት አለውና።

እንቅልፍን በሚመለከት፣ ለዐሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋል ይባላል፤ በጠዋቱ ፈረቃ የሚማርና በእጅ ስልክ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያመሽ የከተማ ልጅ ይህን አያገኝም፤ ውኃ የምትቀዳዋም አታገኝም። የፊተኛው በመዝናናት፣ የኋለኛይቱ በድካም ምክንያት፣ በክፍል ውስጥ በአንድ ዴስክ ላይ አብረው ያንቀላፋሉ።

ከልማድ ውጭ የሆነው ሸክም ደግሞ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሲሆኑ፣ በተከታዩም ዓመት ነገሩ እምብዛም አልተለወጠም። በዚያ ፈተና ኩረጃን አጥብቆ መከልከሉ ተገቢ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከመቶ 96 በላይ የሚሆነው ልጅ በአንድ ቀን «ወድቀሃል» የተባለበት አገር፣ የዚያን ልጅ መንፈስ ማን እንደሚያነሣው አስቀድሞ ሊያስብ ይገባው ነበር። ወደ ፈተና የሚገባ ተማሪ «ራሴን፣ ሆዴን» ሲል የሚሰማው፣ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ ክኒን የሚድን ሕመም ሁልጊዜ አይደለም። ከዚህም በላይ፣ በ2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ፣ በአንድ ገበያ ሲገበያዩ በኖሩ ሁለት ሕዝቦች መካከል የተነሣው ግጭት ሰው ገድሏል፣ ቤት አቃጥሏል፣ ብዙዎችን አፈናቅሏል፤ ያን ጊዜ ስምንት ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ትምህርት አቋርጦ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የሊስትሮ ሣጥን የሚሸከመው የጉራጌ ልጅ ታሪክም የቆየ ነው፤ ከእነርሱ መካከል ታላላቅ ነጋዴዎች መውጣታቸው፣ በበረንዳ ያደረውን ብቸኛ ልጅ እንዲያስረሳን አይገባም።

የእናትን ነገር ሳናነሣ የልጁን መንፈስ መረዳት አይቻልም። በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. በቡታጅራ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡር እናቶች ተመዝግበው፣ ጭንቀታቸውና ትካዜያቸው ከተመረመረ በኋላ፣ የተወለዱትን ልጆች ለትምህርት እስኪደርሱ ድረስ ተመራማሪዎቹ ተከታትለዋቸዋል፤ በዚህም የእናት የመንፈስ ጉስቁልና ልጁ ከትምህርት ቤት ከመቅረቱ ጋር እንደሚያያዝ ተመልክቷል። በመምህሩ መዝገብ ላይ «ቀሪ» ተብሎ በቀይ የተጻፈው ምልክት፣ ከበስተኋላው በቤት ውስጥ ከመኝታዋ መነሣት የተሳናት እናት ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው። በዚያው ወረዳ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ዘመዶች የጠየቀ ጥናት ደግሞ፣ ከአራቱ ሦስቱ በሕመምተኛው ምክንያት ሰው እንደሚያገላቸው መናገራቸውን ዘግቧል፤ «ነክቶታል» የሚለውን ቃል ለመሸሽ ቤተሰቡ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ልጁም ምስጢር ጠባቂ ሆኖ ያድጋል።

ሐኪሙ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሩቅ ነበረ። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የአእምሮ ሕሙማን ሁሉ ተስፋ አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ልዩ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዶክተር ምኒልክ ደስታ የአዲስ አበባ ልጆችን የአእምሮ ሕመም አጥንተው በ2008 እ.ኤ.አ. በኡሜዮ መዓርገ ዶክትሬት ሲያገኙ፣ የልጆችን አእምሮ ብለው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በጉራጌ ዞን በሶዶ ወረዳ በተደረገው ሥራ፣ የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያ በሚገኙ ነርሶችና የጤና መኮንኖች እጅ ሊሰጥ እንደሚችል ታይቷል። ጤና ጣቢያው ከተቻለው፣ ትምህርት ቤቱ ለምን አይቻለውም? ልጁን በቀን ስድስትና ሰባት ክፍለ ጊዜ የሚያየው መምህር ነው፤ የሰውነት ማጎልመሻው መምህር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያያል፤ በእርሱ ፊት ልጁ የሚቀመጥ ብቻ ሳይሆን የሚንቀሳቀስ፣ የሚገፋ፣ የሚገፋበትም፣ ለቡድን የሚመረጥ ወይም ሳይመረጥ የሚቀር ነውና።

በዚህ ሁሉ መካከል የእኔ ፍርድ ወደ አንድ ነገር ያዘነብላል። ለመስቃን ልጅ የጎደለው ድካም አይደለም፤ የጎደለው ያለ ፍርሃትና ያለ ሸክም የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ መንግሥት በሕግ የሰጠው የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ከሁሉ አስቀድሞ ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ማካካሻ የሚወሰደው እርሱ ነው። ይህ ስሕተት ነው። ጭንቀት በበረታበት ወር ጨዋታን መንጠቅ ተማሪውን በሁለት ወገን ማድከም ስለ ሆነ፣ ርእሳነ መምህራን ክፍለ ጊዜውን እንደ ማንኛውም ትምህርት ሊያስከብሩት ይገባል። ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ የገና ጨዋታ፣ ጉልበትንና ጭብጨባን አስተባብሮ ላብ የሚያስወጣው የጉራጌ ጭፈራ፣ እነዚህ ሁሉ ሜዳም ኳስም ብዙ ሳይፈልጉ በዕቅድ ውስጥ ሊገቡ የሚችሉ ናቸው፤ ሴቶች ልጆችንም ከጥላው ሥር ያነሣሉ። የወላጅና የመምህራን ኅብረት ስለ አዲስ ብሎክ ሲመክር፣ ብሎኩ የሚቆምበት መሬት ዛሬ ለምን እንደሚያገለግል በቃለ ጉባኤው ላይ ሊያሰፍር ይገባዋል።

መዝገብን በተመለከተ፣ የልደትና የሞት መዝገብ ከተያዘበት ምድር ይልቅ የተማሪን ብርታት ለመመዝገብ የሚመች ስፍራ በኢትዮጵያ ውስጥ አላውቅም። በመስከረምና በሰኔ ተማሪው አንድ ጊዜ ይሩጥ፣ አንድ ጊዜ ይዝለል፤ ሰዓት የሚይዝ መምህርና የሚለካ ገመድ ይበቃል። ከዚያም ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ቁርሱ፣ ስለ ፍርሃቱና ስለ ኀዘኑ ጥቂት ጥያቄዎች ይጠየቅ፤ ሲጠየቅም ወላጁ በሌለበት፣ የሚቀጣው መምህር በማይሰማበት፣ ስሙ በወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ በቍጥር ብቻ ይሁን፤ ከባድ ነገር የተናገረ ልጅ ቢገኝ ግን፣ ያንን ቍጥር ከስም ጋር የሚያውቅና በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ይዞት የሚሄድ አንድ ሰው በትምህርት ቤቱ ውስጥ አስቀድሞ ተመርጦ ይቆይ።